ባለቤቱ ማን ነው? የፖርት 43 ታሪክ

ነገሩ የተጀመረው በታተመ መጽሐፍ ነው። በ1972 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት፣ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በካሊፎርኒያ፣ ሜንሎ ፓርክ በተባለች ከተማ፣ ዳግላስ ኤንግልባርት በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ይመሩት የነበረው ቡድን አንዲት ባለሙያ ወደ ራሱ አዛወረ። ኤልዛቤት ፋይንለር ይባላሉ፤ የሥራ ባልደረቦቻቸው ጄክ ይሏቸዋል። የተማሩት ባዮኬሚስትሪ ቢሆንም የኖሩበት ሙያ የተበታተነ መረጃ ሰብስቦ ፈላጊው በቀላሉ እንዲያገኘው ማደራጀት ነበር። አርፓኔት የተባለው የኮምፒውተር መረብ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ዋሽንግተን ውስጥ በትልቅ ጉባኤ ፊት ሊታይ ቀን ተቆርጦለት ነበርና፣ የትኛው ተቋም በመረቡ ላይ ምን እንዳለውና ማንን ማነጋገር እንደሚቻል የሚዘረዝር መጽሐፍ እንዲያዘጋጁ ታዘዙ።

መረቡ ያን ጊዜ ትንሽ ነበር። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የምርምር ክፍል ወጪውን እየሸፈነ ዩኒቨርሲቲዎችንና የምርምር ተቋማትን ያገናኘበት ሲሆን፣ የመጀመሪያው መልእክት ከሎስ አንጀለስ ወደዚሁ ወደ ሜንሎ ፓርክ ከተላከ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር። ከተጠቃሚዎቹ ብዙዎቹ እርስ በርሳቸው ይተዋወቃሉ። ፋይንለር በ1974 የመረቡን የመረጃ ማዕከል ተረከቡ፤ እስከ 1989 ድረስም መሩት። አዲስ ኮምፒውተር ወደ መረቡ ሲገባ ስሙንና ቁጥሩን በአንድ ፋይል ላይ የሚያሰፍረው ይህ ማዕከል ነበር። የተጠቃሚዎችን ስም፣ የፖስታ አድራሻ፣ ስልክና ኢሜይል የያዘ ማውጫም እያሳተመ ያከፋፍል ነበር። የታተመ ማውጫ ግን ቶሎ ያረጃል። ሰው ቢሮ ይለውጣል፣ ስልኩ ይቀየራል፣ ተመራማሪው ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ይሄዳል፤ መጽሐፉ እስከሚቀጥለው እትም ድረስ የድሮውን ይናገራል።

መፍትሔው ማውጫውን ራሱን መረቡ ላይ ማስቀመጥ ሆነ። በማርች 1982 የተቋሙ ባለሙያዎች ኬን ሃረንስቲንና ቪክ ዋይት፣ የኢንተርኔት ደንቦች በተራ ቁጥር ከሚወጡባቸውና አር ኤፍ ሲ ከሚባሉት ሰነዶች 812ኛውን አወጡ። ሁኢዝ የተባለው አገልግሎት አሠራር በጥቂት ገጾች ተጻፈ። ጠያቂው በማዕከሉ ኮምፒውተር 43 ቁጥር በተሰጠው ፖርት (የግንኙነት በር) ይገባል፤ የሚፈልገውን ስም በአንድ መስመር ይልካል፤ ማዕከሉ ያለውን መረጃ ሰው ሊያነበው በሚችል ጽሑፍ ይመልሳል፤ መልሱ ሲያልቅ ግንኙነቱ ይዘጋል። ሌላ ምንም የለም። የይለፍ ቃል አይጠየቅም። ጠያቂው ማንነቱን አይናገርም። መልሱ በምን ቅደም ተከተል፣ በምን ቋንቋ፣ በምን ፊደል እንደሚመጣም አልተወሰነም።

በዚያው ሰነድ ውስጥ ግን ሌላ ጉዳይም አለ። ያን ጊዜ መረቡን የሚያስተዳድረው የመከላከያ ሚኒስቴር የኮሙኒኬሽን ኤጀንሲ፣ በመረቡ ላይ መልእክት ማስተላለፍ የሚችል እያንዳንዱ ተጠቃሚ ሙሉ ስሙን፣ የፖስታ አድራሻውን ከነዚፕ ኮዱ፣ ስልኩንና ኢሜይሉን እንዲያስመዘግብ ይጠይቃል። ጥያቄው የቀረበላቸው እነማን እንደሆኑ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ወታደሮች፣ የመንግሥት ሠራተኞችና በመንግሥት ገንዘብ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ናቸው፤ የሚሰጡትም በአብዛኛው የሥራ አድራሻቸውን ነው። በምርምር መረብ ላይ አንድ ኮምፒውተር ተበላሽቶ ሌሎቹን ሲያውክ ስልክ አንስቶ ኃላፊውን ማግኘት የግድ ስለነበር ጥያቄው ተገቢ ነበር። ይህን ሰነድ ባነበብኩ ቁጥር የሚታየኝ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ወረቀት ላይ መስፈራቸው ነው። አንደኛው ጥያቄና መልስ በመረቡ ላይ እንዴት እንደሚመላለስ የሚናገር ቴክኒካዊ ደንብ ነው። ሁለተኛው አንድ የመከላከያ መሥሪያ ቤት በእርሱ ሥር ላሉ ተጠቃሚዎች ያወጣው የምዝገባ መመሪያ ነው። ከዚያ ወዲህ ለ40 ዓመታት የቆየው ክርክር በአብዛኛው እነዚህን ሁለቱን ካለመለየት የመጣ ነው ብዬ አምናለሁ።

ኮምፒውተሮች ሲበዙ ያ አንድ ፋይል አልበቃ አለ። በኖቬምበር 1983 ፖል ሞካፔትሪስ ዛሬም የምንጠቀምበትን የዶሜይን ስም ሥርዓት ንድፍ በሁለት ሰነዶች አወጡ። በቀጣዩ ዓመት ኦክቶበር ጆን ፖስቴልና ጆይስ ሬይኖልድስ የጻፉት አር ኤፍ ሲ 920 ዶት ኮምን፣ ዶት ኢዲዩን፣ ዶት ጎቭንና መሰሎቻቸውን ይዞ መጣ፤ ለእያንዳንዱ ዶሜይንም ኃላፊነት የሚወስድ ሰው መኖር አለበት አለ። ማርች 15 ቀን 1985 ሲምቦሊክስ የተባለው የማሳቹሴትስ ኩባንያ የመጀመሪያውን ዶት ኮም አስመዘገበ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር የሁኢዝ ደንብ ታድሶ አር ኤፍ ሲ 954 ተብሎ ወጣ፤ ከሦስቱ ጸሐፊዎች አንዷ ፋይንለር ነበሩ። ፖርቱ ያው 43 ነው። የመከላከያው የምዝገባ ጥያቄም እንዳለ ተቀመጠ። የዶሜይኖች መረጃም ወደዚሁ ቋት ገባ።

ከዚያ በኋላ በሰነዱ ዙሪያ ያለው ዓለም ሁሉ ሲለወጥ ሰነዱ ብቻ ለ19 ዓመታት ሳይነካ ቆየ። በ1991 የምዝገባው ሥራ ከካሊፎርኒያ ወጥቶ ኔትወርክ ሶሉሽንስ ወደተባለ የቨርጂኒያ ኩባንያ ተዛወረ። በ1993 ኩባንያው ከአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ጋር ተዋውሎ የሲቪሉን ኢንተርኔት ምዝገባ ያዘ። በሴፕቴምበር 1995 ምዝገባ በነጻ መሆኑ ቀረና ለሁለት ዓመት 100 ዶላር ማስከፈል ተጀመረ። አሁን ዶሜይን የሚያስመዘግበው የመከላከያ ተመራማሪ አይደለም። ሱቅ ያለው ነው፣ ተማሪ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ቤቷ ተቀምጣ የምትጽፍ ደራሲ ናት። የምትሰጠው የቢሮ አድራሻ የላትምና የቤቷን ትሰጣለች። በፖርት 43 የገባ ማንም ሰው ያነበዋል።

የኢትዮጵያ መለያ ዶት ኢቲ የተሰጠው በዚህ ዘመን፣ በኦክቶበር 1995 ነው፤ በአገሪቱ የኢንተርኔት አገልግሎት በ1997 ከመጀመሩ በፊት ማለት ነው። የአገር መለያዎች ዛሬም በየአገራቸው ደንብ የሚተዳደሩ በመሆናቸው፣ ቀጥሎ የምተርከው የውል ጣጣ በቀጥታ የሚመለከተው ዶት ኮምን፣ ዶት ኔትን፣ ዶት ኦርግን የመሳሰሉትን ነው። እኛንም የሚነካን በዚሁ በኩል ነው፤ አዲስ አበባ ያለው ነጋዴም፣ ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያለው የማኅበር ጸሐፊም ዶት ኮም ወይም ዶት ኦርግ ካስመዘገበ መረጃው በዚያው መዝገብ ይገባል። የሚገባውም በላቲን ፊደል ነበር። ሰነዱ በ1985 ሲታደስ ለግዕዝ ፊደል ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ኮድ አልነበረም፤ ዩኒኮድ ፊደላችንን ያካተተው በ1999 ነው። ጸሐይ የሚለው ስም በላቲን ፊደል ቢያንስ በሦስትና በአራት መንገድ ሊጻፍ ስለሚችል፣ መዝገቡ ላይ ያለው ሰው መታወቂያው ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን ማረጋገጥ ሁልጊዜም ቀላል አልነበረም። የቤተሰብ ስም የሚለውን ሣጥን በአባት ስም መሙላትም ያው የተለመደ ነገር ሆነ።

በ1998 የዶሜይኖችን ሥርዓት የሚያስተባብር አይካን የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት በካሊፎርኒያ ተቋቋመ። ሥራውን ለዓመታት ይዘውት የነበሩት ጆን ፖስቴል በዚያው ዓመት ኦክቶበር 16 ቀን አረፉ። ፖስቴል በ1994 በጻፉት አር ኤፍ ሲ 1591 የከፍተኛ ደረጃ ዶሜይን አስተዳዳሪዎች ስለመብትና ስለባለቤትነት ከመጨነቅ ይልቅ ስለኃላፊነትና ስለአገልግሎት ቢያስቡ ይሻላል ብለው ነበር። አይካን በ1999 ለደንበኞች ዶሜይን ከሚያስመዘግቡ ኩባንያዎች፣ ከመዝጋቢዎች፣ ጋር ያደረገው ውል ግን በንግድ ዘመን የተጻፈ ነው። የንግድ ምልክት ባለቤቶች ስማቸውን ማን እንደወሰደው ማወቅ ፈልገዋል፤ የአሜሪካ ምክር ቤትም ስም ቀድሞ እየያዙ የሚሸጡትን የሚከለክል ሕግ በዚያው ዓመት አወጣ። ስለዚህ ውሉ እያንዳንዱ መዝጋቢ የደንበኛውን ስምና የፖስታ አድራሻ፣ የአስተዳደርና የቴክኒክ ተጠሪዎቹን ስም፣ አድራሻ፣ ኢሜይል፣ ስልክና ፋክስ በፖርት 43ና በድረ ገጽ ለማንም በነጻ እንዲያሳይ አስገደደ። ሙሉ መዝገቡን በጅምላ ለሚፈልግ ደግሞ በዓመት ከ10,000 ዶላር በማይበልጥ ዋጋ እንዲሸጥ አዘዘ።

ከዚህ በኋላ ብዙዎች ይህን ሁሉ የሁኢዝ ስታንዳርድ፣ ማለትም የቴክኒካዊ ደንቡ፣ ግዴታ ነው ይሉ ጀመር። ስታንዳርዱ ግን እንዲህ አላለም። ስታንዳርዱ የሚለው በፖርት 43 ጠይቅ፣ መልስ ይመጣልሃል ነው። በመልሱ ውስጥ ቤቷ ተቀምጣ የምትጽፈው ደራሲ የቤት ቁጥር ይኑር ያለው ውል ነው፤ ውሉም አምሳያውን ያገኘው የመከላከያ ኤጀንሲ ለተጠቃሚዎቹ ካወጣው የ1982 ጥያቄ ነው። ልዩነቱ ጥቃቅን ነገር መምረጥ አይደለም። ቴክኒካዊ ደንብ የተባለን ነገር ሰው እንደ ተፈጥሮ ሕግ ይቀበለዋል፤ ውል ከሆነ ግን ማን እንደተዋዋለና ለማን ጥቅም እንደሆነ ይጠይቃል።

ጉዳቱ ወዲያው መታየት ጀመረ። አድራሻ ለቃሚ ፕሮግራሞች በየቀኑ የተመዘገቡትን እየጠየቁ ኢሜይልና ስልክ ሰበሰቡ። ሬጂስተር ዶት ኮም የተባለው መዝጋቢ፣ ቬሪዮ የተባለው ኩባንያ በዚህ መንገድ ደንበኞቹን እየለቀመ እየደወለባቸው ነው ብሎ በኒው ዮርክ ፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰው፤ በዲሴምበር 2000 እግድ አገኘ፤ ይግባኝ ሰሚውም በ2004 አጸናው። ሰዎች ራሳቸውን ለመከላከል ሐሰት መጻፍ ጀመሩ። የአሜሪካ መንግሥት ተጠያቂነት ጽሕፈት ቤት በ2005 ባወጣው ጥናት፣ 2.31 ሚሊዮን ዶሜይኖች፣ ማለትም ከመቶ 5.14 ያህሉ፣ ሐሰት መሆኑ በግልጽ በሚታይ መረጃ እንደተመዘገቡ ገመተ። ከደንበኛው ስም ይልቅ የራሱን ስም መዝገቡ ላይ የሚያስቀምጥ የሽፋን አገልግሎትም ንግድ ሆነ። በዚህ ሁሉ መካከል መዝገቡ በእርግጥ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ነበሩ። ሐሰተኛ የባንክ ገጽ የከፈተውን የሚፈልግ መርማሪ አለ፤ የተጠለፈ ሰርቨር ባለቤትን ሌሊት ለመቀስቀስ የሚሞክር ቴክኒሺያን አለ። ፋይንለር መዝገቡን የከፈቱት ለዚህኛው ነበር።

ሴፕቴምበር 2004 ላይ የወጣውን አር ኤፍ ሲ 3912 እኔ ከሁሉም በላይ አከብረዋለሁ። የቬሪሳይን ባልደረባ የነበሩት ሌስሊ ዴግል ያዘጋጁት ይህ ሰነድ አራት ገጽ ብቻ ነው። የ1982ንና የ1985ን ሰነዶች ሽሮ ተካቸው፤ ሲተካቸውም የመከላከያውን የምዝገባ ጥያቄ ሙሉ በሙሉ አወጣው። የቀረው ጥያቄና መልሱ የሚመላለሱበት መንገድ ብቻ ነው። በዚያ ላይ የአሠራሩን ጉድለት ሳይሸፍን ተናገረ። ሁኢዝ ማን እንደሚያይ የሚቆጣጠርበት፣ መልሱ በመንገድ ላይ እንዳልተለወጠ የሚያረጋግጥበትና ምስጢር የሚጠብቅበት መሣሪያ የለውም። ስለዚህ ጥቅም ላይ መዋል ያለበት ምስጢራዊ ላልሆነና ለማንም ክፍት እንዲሆን ለታሰበ መረጃ ብቻ ነው። መልሱ በየትኛው ፊደል እንደተጻፈ የሚገልጽበት ዘዴም የለውም፤ ይህ ለግዕዝ ፊደልም፣ ለዓረብኛም፣ ለቻይንኛም አሠራሩ ቦታ እንዳላዘጋጀ በይፋ የተነገረበት ነው። ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ2003፣ የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣናት ቡድን የግለሰቦችን አድራሻ ለማንም ማሳየት ሕጋዊ ጥያቄ እንደሚያስነሳ በጽሑፍ አስጠንቅቆ ነበር። ስታንዳርዱም ሕጉም አንድ አቅጣጫ አመለከቱ። ውሉ ግን አልተለወጠም። የቤት አድራሻዎች ለሌላ 14 ዓመታት እንደተከፈቱ ቀሩ።

በ2005 ሁኢዝን እንዲተካ የተዘጋጀ አዲስ ደንብ ወጥቶ ነበር፤ ውስብስብ ሆኖ፣ አስገዳጅም ሳይኖረው ቀረና ብዙ ሰው አልተቀበለውም። በዚህ መካከል የመልሶቹ መልክ መለያየት ሥራ የሚያስፈታ ሆነ። የዶት ኮም ማዕከላዊ መዝገብ የሚያውቀው ዶሜይኑ በየትኛው መዝጋቢ በኩል እንደመጣና ቀኖቹን ነበር፤ የባለቤቱ መረጃ በመዝጋቢው ዘንድ ስለሚገኝ ጠያቂው ሁለቴ ይጠይቃል። ሁለተኛው መልስ እንደየኩባንያው ይለያያል። አንዱ የተመዘገበበትን ቀን ከላይ ያስቀምጣል፣ ሌላው ከታች። አንዱ ወሩን በቁጥር፣ ሌላው በፊደል ይጽፋል። ስታንዳርዱ ዝም ያለበትን እያንዳንዱ እንደፈቀደው ሞላው። የኢንተርኔት ደንቦችን የሚጽፈው አካል ባለሙያዎች ከ100 የሚበልጡ መዝገቦችን መልስ ሰብስበው የትኛው መረጃ በምን ስም እንደሚጠራ አንድ በአንድ አጠኑ። የዚያ ሥራ ውጤት በማርች 2015 በተከታታይ ሰነዶች ወጣ፤ አርዳፕ ይባላል።

አርዳፕ የድረ ገጽ መንገድን ይጠቀማል፤ መስመሩም ይመሰጠራል። መልሱ ለኮምፒውተር ግልጽ በሆነ ጄሰን በተባለ ቅርጽ ይመጣል፤ እያንዳንዱ መረጃ የታወቀ ስም አለው። ፊደሉ ዩኒኮድ በመሆኑ ስም በግዕዝ ፊደል ሊሰፍርበት ይችላል። ሙሉ ስም የሚጻፍበት ቦታ ስለተዘጋጀም ስምን ከአባት ስም ጋር አያይዞ መጻፍ ይቻላል። ከሁሉም በላይ የጠያቂውን ማንነት መለየት ስለሚችል ለመርማሪ አንድ መልስ፣ ለመንገደኛ ሌላ መልስ መስጠት ይፈቅዳል። በዶሜይን ስሞቹ በራሳቸው በኩልም፣ በ2017 አይካን የከፍተኛ ደረጃ ዶሜይኖችን ፊደል የሚወስነውን ደንብ ሲያወጣ የግዕዝ ፊደልም ተካተተ፤ ሀ፣ ሐ እና ኀን የመሰሉ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ የሆኑ ፊደላት አንዱ በሌላው ተመስሎ እንዳይመዘገብ እንደ አንድ እንዲታዩ ተደረገ። ይህን ያጠናው ቡድን ለእኛ የሠራው ሥራ ከሚነገርለት በላይ ነው።

ውሉን የሰበረው ግን ቴክኖሎጂ አልነበረም። የአውሮፓ ኅብረት አጠቃላይ የመረጃ ጥበቃ ደንብ ሜይ 25 ቀን 2018 በሥራ ላይ ሲውል፣ ጥሰቱ እስከ 20 ሚሊዮን ዩሮ ወይም ከዓመታዊ ገቢ ከመቶ 4 ድረስ ያስቀጣ ነበር። አይካን ደንቡ ሊጀምር ስምንት ቀን ሲቀረው ጊዜያዊ መመሪያ አወጣ፤ መዝጋቢዎች መረጃውን መሰብሰብ ይቀጥላሉ፣ የግለሰቡን ስም፣ መንገድ፣ ስልክና ኢሜይል ግን ከሕዝብ ዓይን ይሸፍናሉ። ኢፓግ የተባለው በቦን ጀርመን ያለ መዝጋቢ በዚህ አልረካም። የአስተዳደርና የቴክኒክ ተጠሪ የሚባሉትን ሰዎች መረጃ መሰብሰቡንም አቆማለሁ አለ። አይካን ደንቡ በጀመረበት ዕለት ቦን ፍርድ ቤት አቀረበው። ፍርድ ቤቱ በቀናት ውስጥ ጥያቄውን ውድቅ አደረገ። ምክንያቱ ቀላልና ብርቱ ነበር፦ ድሮም ቢሆን አንድ ሰው ባለቤትም፣ የአስተዳደርም፣ የቴክኒክም ተጠሪ ሆኖ መመዝገብ ይችል ነበር፤ እንግዲያው ሦስት ሰው አስፈላጊ አልነበረም ማለት ነው። ከ1999 ጀምሮ ሁሉም ሲሞላው የኖረውን ቅጽ ለምን ብሎ የጠየቀ ዳኛ የተገኘው ከ19 ዓመት በኋላ ነው። የኮሎኝ ይግባኝ ሰሚም በኦገስት አይካንን አልተቀበለውም።

ደንቡ ሲጀምር አብዛኛው አድራሻ ተሸፈነ። መርማሪዎች ተቆጡ፤ ቁጣቸው መሠረት አለው። ሐሰተኛ ገጾችን በስምና በስልክ እያያያዙ የሚያድኑ ሰዎች ዋናውን መሣሪያቸውን አጡ፤ የሚጠየቅ መዝጋቢም ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። አይካን በኖቬምበር 2023 ጥያቄዎች በአንድ በር የሚገቡበት አገልግሎት ከፈተ፤ ይሁን እንጂ መዝጋቢው መረጃውን እንዲሰጥ አያስገድደውም። ሁለቱም ወገን እውነት ይዟል። የእኔ ፍርድ ግን አድራሻው ለማንም ክፍት ከሚሆን፣ ጠያቂው ስሙንና ምክንያቱን ተናግሮ በጊዜ መልስ የሚያገኝበት ሥርዓት ይሻላል የሚል ነው፤ የጎደለው ሁለተኛው ክፍል፣ በጊዜ የሚመጣው መልስ ነው።

የድሮው አሠራር የመጨረሻው ትምህርት የመጣው በ2024 ክረምት ነው። ዋችታወር የተባለው የደኅንነት ኩባንያ ተመራማሪዎች፣ የዶት ሞቢ መዝገብ ቀድሞ የሁኢዝ ሰርቨሩን ያስቀመጠበት ዶሜይን ጊዜው አልፎ እንደተለቀቀ አዩና በ20 ዶላር ገዙት። በዚያ አድራሻ የራሳቸውን የሁኢዝ ሰርቨር አስነሡ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ135,000 በላይ የተለያዩ ሥርዓቶች 2.5 ሚሊዮን ጥያቄ ላኩላቸው፤ የመንግሥትና የወታደር ተቋማት ሰርቨሮችም ነበሩበት። ጠያቂዎቹ ፕሮግራሞች የድሮውን አድራሻ በውስጣቸው ይዘው ቀርተዋል፤ ምክንያቱም የሁኢዝ ስታንዳርድ ትክክለኛው ሰርቨር የት እንደሚገኝ የሚያሳውቅበት መንገድ የለውም። የድረ ገጽ የደኅንነት ሰርተፍኬት የሚሰጡ ድርጅቶችም ባለቤቱን ለማረጋገጥ ከሁኢዝ ያገኙትን ኢሜይል ይጠቀሙ ስለነበር፣ ተመራማሪዎቹ ክፉ ቢሆኑ ኖሮ የትላልቅ ኩባንያዎችን ዶት ሞቢ ገጾች መስለው መቅረብ ይችሉ ነበር። ሰርተፍኬት ሰጪዎቹ ከዚህ በኋላ ያንን ማረጋገጫ ለመተው ወሰኑ። የአር ኤፍ ሲ 3912 አራት ገጾች ግን ይህን ከ20 ዓመት በፊት ተናግረውት ነበር፤ መልሱን የሚያረጋግጥ ነገር የለም ብለው። አርዳፕ የየመዝገቡን ሰርቨር አድራሻ ከአንድ የታወቀ ዝርዝር ያነባል።

ጃንዋሪ 28 ቀን 2025 ከአገር መለያዎች ውጭ ለሆኑ ለአብዛኞቹ ዶሜይኖች በፖርት 43 መልስ የመስጠት የውል ግዴታ አበቃ፤ የሚታመነው ምንጭ አርዳፕ ሆነ። የተለያዩ አገሮች መለያዎችና የአይ ፒ አድራሻ መዝጋቢዎች በፖርት 43 ሊቀጥሉ ይችላሉ፤ አንዳንዶቹም ቀጥለዋል። አገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) አውጥታለች፤ የሰው አድራሻ በምን ምክንያት እንደሚሰበሰብ መጠየቅ ለእኛም የሕግ ጥያቄ ሆኗል።

ስለዚህ ዛሬ መዝገቡን የምታነቡ ሁሉ የሚናገረውንና የማይናገረውን ለዩ። የባለቤቱ ስም መሸፈኑ የማጭበርበር ምልክት አይደለም፤ ዛሬ የአብዛኛው ግለሰብ መዝገብ እንዲህ ነው። የተመዘገበበት ቀን ግን አይዋሽም፤ ለ30 ዓመት የቆየ ባንክ ነኝ የሚል ገጽ ዶሜይኑ ባለፈው ሳምንት የተመዘገበ ከሆነ ገንዘባችሁን አትላኩ። የሚያበቃበት ቀን በአንድ ዓመት ወደፊት መሄዱ ባለቤቱ ከፍሏል ማለት አይደለም፤ ማዕከላዊው መዝገብ ቀኑን ራሱ ያሳድሰዋል፣ መዝጋቢው ካልተከፈለው እስከ 45 ቀን ድረስ ሊሰርዘው ይችላል። ከተሰረዘ በኋላ ባለቤቱ ተጨማሪ ከፍሎ የሚያስመልስበት የ30 ቀን ጊዜ አለ፤ ከዚያ አምስት ቀን ቆይቶ ስሙ ለማንም ይለቀቃል። መዝገቡ ላይ ያለው ሰዓት በግሪንዊች ነውና ለአዲስ አበባ ሦስት ሰዓት ይጨመርበት።

የድርጅት፣ የማኅበር ወይም የቤተ ክርስቲያን ድረ ገጽ ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ዛሬውኑ አድርጉ። ዶሜይኑ በተመዘገበበት ኩባንያ ባለው ሂሳባችሁ ግቡና የባለቤቱ ስም የማን እንደሆነ፣ የማሳሰቢያው ኢሜይል ወደማን እንደሚሄድ ተመልከቱ። ገጹን የሠራላችሁ ልጅ በራሱ ስም አስመዝግቦት ከሆነ፣ ወይም ኢሜይሉ ሥራ ለለቀቀ ሠራተኛ የሚሄድ ከሆነ፣ ሳይውል ሳያድር በድርጅታችሁ ስም አስቀይሩት።